ዝም ያለ ትከሻ

ባለፈው እሁድ ወንድሜ ቤት ኳስ እየታየ ሳለ አንድ ተጫዋች ትከሻውን ይዞ ወደቀ። «ወጌሻው እየሮጠ ገብቷል» አለ ዘጋቢው። እኔ ለኳስ ግድ የለኝም፤ እጄ ግን ሳላዝዘው ወደ ቀኝ ትከሻዬ ሄደ።

ነገሩ የጀመረው ከዓመታት በፊት፣ አንድ ረቡዕ ቀን፣ ወደ አስር ሰዓት ገደማ ነው። ሰኔ ገብቶ አምቦ ጭቃ በጭቃ ሆናለች። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ስለገቡ የሙያ ስሞች የሠራሁትን ጥናት በመምህራንና በተማሪዎች ፊት ማቅረብ ነበረብኝ። ጽሑፉ አላስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ መቆሙ ነው። ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነበር።

ከገበያ ስንመለስ ከባጃጅ ስወርድ አዳለጠኝና በቀኝ ጎኔ ወደቅሁ። ትከሻዬ ወለቀ። አብራኝ የምትኖረው ሂሩት መጀመሪያ ጮኸች፣ ከዚያ ትንሽ አሰበችና «እሰይ! የነገው ቀረልሽ» አለች። እንባዬ እየወረደ ልቤ ቀለል አለኝ።

ባለ ባጃጁ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር አዴ ጫልቱ ዘንድ አደረሰን። ወጌሻ ናቸው፤ ሰፊ እጅ፣ ሰፊ ሳቅ ያላቸው ሴት። ትከሻዬን ዳበሱና «ስብራት ቢሆን ሆስፒታል እሰድሽ ነበር። ውልቃት ነው» ብለው በቅቤ ያሹኝ ጀመር። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

«አውሪ እንጂ።»

«ምን ላውራ?»

«የፈለግሽውን። ዝም የሚል ሰው አልስብም እኔ። አፉ ሲዘጋ ገላውም ይቆልፋል። ትናንት አንድ ሾፌር ትራፊክ ሲራገም ነው ቁርጭምጭሚቱ የገባለት።»

ሂሩት በኔ ፈንታ ስለ አወዳደቄ መተረክ ጀመረች። «አንቺን አሞሻል?» አሏት።

ለኔ ከሕመሙ የባሰው ይሄ ነበር። የማላውቃቸው ሴት አፍ አፌን እያዩ ይጠብቁኛል፤ ካላወራሁ ትከሻዬ እንደ ወለቀ ሊያድር ነው። በመጨረሻ ሂሩት «የነገውን ንገሪያቸው» አለችኝ። ሌላ የማወራው ስላልነበረኝ በሹክሹክታ ጀመርኩ።

«አልሰማሽም፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጆሮዬ ደክሟል።»

ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ወጌሻ የሚለው ቃል የመጣው ኦጌሳ ከሚለው ኦሮምኛ ነው ይባላል። ኦጌሳ ማለት ሙያ ያለው፣ አዋቂ...»

«እሱስ ልክ ነው። ቀጥዪ።»

«ጤና ጣቢያ ያሉትም ባለሙያዎች በኦሮምኛ ኦጌሳ ፈያ ነው የሚባሉት...»

«እኔና ያ መርፌ ወጊው በአንድ ስም?»

«አዎ! በአንድ ስም!» ብዬ ጮህኩ፤ ያኔ ሳቡኝ። ቋ አለ። እሪ ለማለት አፌን ስከፍት ሕመሙ ለካ አልፏል።

አዴ ጫልቱ እኔን ረስተው ወደ አጥሩ ሄዱ። «ኦቦ ቶላሳ! ኑ ስሙ! እኔና የጤና ጣቢያው ሰውዬ ስማችን አንድ ነው፣ ይቺ ልጅ አጥንታዋለች!» ጎረቤታቸው ብቅ ሲሉ «ድገሚላቸው» አሉኝ። ደገምኩ። ኦቦ ቶላሳ ደግሞ ስለ ሌሎች የሙያ ስሞች ጠየቁኝ፤ መለስኩላቸው። አዴ ጫልቱ ክንዴን በሻሻቸው አስረው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝና በገዛ እጃቸው ጭኮ አጎረሱኝ። የገብሱና የቅቤው ጣዕም እስከ ዛሬ ከዝናብ ሽታ ጋር ነው የሚመጣብኝ።

አሁን መምህርት ነኝ። ሰው ዓይን አፋርነትሽ እንዴት ለቀቀሽ ሲለኝ አልለቀቀኝም እላለሁ፤ የክፍል በር ላይ ስደርስ ዛሬም ትከሻዬ ይቆለፋል። የሚፈታበትን መንገድ ግን አውቃለሁ።

ያኔ፣ በወደቅሁ ማግስት ጠዋት፣ መምህሬ የታሰረውን ክንዴን አይቶ «ለሌላ ቀን እናዛውርልሽ» አለኝ። ሂሩት ከኋላው ሆና እሺ በይ፣ እሺ በይ ትለኛለች በዓይኗ። «አቀርባለሁ» አልኩትና ፊት ለፊት ቆሜ ጀመርኩ። ከኋላ ወንበር አንዱ «አይሰማም!» አለ። ትከሻዬን ለቀቅ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ አዴ ጫልቱ አጥር ማዶ ላለ ሰው በሚያወሩበት ድምፅ።