ለማይታየው ነገር የተሳልሁት ዣንጥላ

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ላይ፣ ምን እንደሆነ ለማላውቀው ነገር ስለት ተሳልሁ።

ልጄ ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የፊዚክስ ዶክትሬቷን ትማር ነበር። እኔ ዓሣ አስጋሪ ነበርሁ፤ ጉልበቴ ሲደክም መረቡን ሰቅዬ ምሳዋን ማመላለስ ያዝሁ። የምትሠራበት ክፍል ውስጥ ብረት የሚስብ ትልቅ ማግኔት ስላለ፣ በር ላይ ቁልፌንና ስልኬን ተቀብላ ቀበቶዬን ታስፈታኛለች።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አልኋት።

«ከዋክብቱን አንድ ላይ የያዘ፣ የማይታይ ነገር አለ አባባ። ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። እኛ አክሲዮን የሚባል ቅንጣት ይሆናል ብለን ነው።»

«የባንኩ?»

«የባንኩ ቢሆንማ እስካሁን ሀብታም በሆንሁ!» ብላ ሳቀች።

ጣት የምታህል የመስታወት ቱቦ አሳየችኝ። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ማግኔቱ መሀል ሲገባ የፈሳሹ ቅንጣት ሁሉ እንደ እንዝርት ይሾራል አለች። ያ የማይታየው ነገር በእንዝርቶቹ ፍጥነት ልክ ከመጣ ገፋ ያደርጋቸዋል፤ ዙሪያውን የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ ይሰማዋል። ፍጥነቱ ስለማይታወቅ በየቀኑ ማግኔቱን ትንሽ ትንሽ ትለውጣለች፤ ራዲዮ ላይ ጣቢያ እንደ መፈለግ ነው። ገባኝ አልኋት። አልገባኝም።

ዓመት ሙሉ ፈልጋ ምንም አላገኘችም። ከሳች። ሆዴ አልችል ቢለኝ ለዘጌዋ ማርያም «ልጄ የምትፈልገውን ካገኘች ባለ ጥልፍ ዣንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልሁ።

አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስገባ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ የወጣ መስመር አየሁ። ልጄ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች።

«እሱ ነው?»

«ዝም ይበሉ አባባ፤ ገና ነው።»

ገና ማለቷን ጆሮዬ አልተቀበለውም። ከዚያው ገበያ ሄጄ ዣንጥላውን ገዛሁ። ነጋዴው የቆየ ወዳጄ ነው።

«ምነው፣ ልጅህን ዳርህ እንዴ?» አለኝ።

«ልጄ አገኘች!»

«ምን?»

«የማይታየውን!»

«ታዲያ መገኘቱን በምን አየኸው?»

ከሰዓት በኋላ ልጄ ማግኔቱን ቀየር አድርጋ ብታይ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። እውነተኛው ቢሆን የእንዝርቶቹ ፍጥነት ሲለወጥ ይጠፋ ነበር አለች። ለካስ መስመሩን የሚያወጣው የግቢው የውኃ ፓምፕ ኖሯል። ዣንጥላውን ቁም ሣጥን ጀርባ ደበቅሁት።

ሌላ ዓመት ፈለገች። በመጨረሻ መምህራኑ ፊት ቆማ ምንም እንዳላገኘች ተናገረች። አጨበጨቡላት! ዶክተር አሏት! እኔ ኋላ ተቀምጬ የማደርገው ጠፋኝ።

«ምንም ሳታገኚ ነው የሚያጨበጭቡልሽ?»

«እርስዎስ መረብዎ ባዶ ሲወጣ ለጓደኞችዎ ‹እዚህ ዓሣ የለም› አይሉም ነበር? እኔም ያልሁት እሱን ነው። ከዚህ እስከዚህ ፈልጌያለሁ፣ የለም፤ ሌላው እዚህ አይድከም።»

እኔ እንዲያ የምለው ዓሣ ያለበትን ለመደበቅ ነበር። ይህን አልነገርኋትም።

በዚያው ቀን ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ።

«አባ፣ ስለቴ ደረሰ ወይስ አልደረሰም?»

«ምን ብለህ ተሳልህ?»

«ካገኘች ብዬ።»

«አገኘች?»

«የለም። ግን ሁሉም ደስ ብሏቸዋል።»

«አንተስ?»

«እኔማ ግራ ገብቶኛል።»

«እንግዲያ ዣንጥላውን አቆየው።»

አቆየው ሲሉኝ እልህ ያዘኝ። ልጄ ያን ያህል ደክማ፣ ጥልፉን ብል ይብላው? ስለት ነው ብዬ ባስገባው ደግሞ ዓውደ ምሕረቱ ላይ «ስለቱ ሰምሮለት» ተብሎ ይነገራል፤ ሕዝቡ እልል ይላል። ያ ማርያምን መዋሸት ነው። ውሸቱ ልጄ ላይ ይመጣ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ባላስገባውም ፈራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ዣንጥላውን በጋቢዬ ጠቅልዬ የዘጌን ጀልባ ተሳፈርሁ። ለቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ሰጠሁት።

«ስለት ነው?» አሉኝ።

«ስጦታ ነው። እልልታ አልፈልግም። ስለቱ ገና አለብኝ፤ ያ ነገር የተገኘ ቀን ሌላ አመጣለሁ።»

«ምኑ የተገኘ ቀን?»

ዛፍ ሥር ቁጭ አልሁና ከእንዝርቱ ተነሥቼ አስረዳቸው ጀመርሁ።