ከኋላው የሚጀመር መጽሔት

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ሳሮን ትምህርት ሲዘጋ ወልቂጤ እኛ ዘንድ መጥታ ከርማ ነበር። ሐምሌን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሷ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ በስልኳ የጃፓን የሥዕል ፊልም ስታይ ትውላለች። አኒሜ ይሉታል። አንዱን ተከታታይ ጨርሳ ሌላ እስክታገኝ ያለው ጊዜ ነው የሚከብዳት። ያን ጊዜ ስልኳን ይዛ ከክፍል ክፍል ትዞራለች፣ "ምን ልይ?" እያለች ለጓደኞቿ ትጽፋለች፣ አምስት ትጀምርና አምስቱንም ትተዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና የሁለት ፊልሞች ሥዕል አሳየችኝ።

"አባባ፣ የቱን ልጀምር?"

ለጨዋታ ያህል ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን መነጽሬን አድርጌ ሁለቱንም አየሁና "ይሄን" አልኳት።

"ለምን?"

"እጃቸውን እዪ። በዚያኛው የሁሉም ጣት አንድ ዓይነት ነው። በዚህኛው የአሮጊቷ እጅ የአሮጊት እጅ ነው፣ የልጁም የልጅ ነው። እጅ ተጠንቅቆ የሚስል ሰው ታሪኩንም ተጠንቅቆ ይነግርሻል።"

ሳሮን ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየች። "ይሄን ማን ነገረህ?" አለችኝ።

"ድሮ አብሮኝ የሠራ ሰው" አልኳትና መነጽሬን አወለቅሁ። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጽፈው ነው።

ጃንሆይ ከዙፋን ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ያህል በፊት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቸሃ ተወልጄ ያደግሁ፣ ድሬሰርነት፣ ማለትም የሐኪም ረዳትነት፣ ተምሬ ደመወዝ መብላት የጀመርኩ ወጣት ነበርኩ። ለፈንጣጣ ክትባት ሥራ ወደ ቡታጅራ ተላክሁ። አብሮኝ የተመደበው ሞሪ የሚባል ጃፓናዊ በጎ ፈቃደኛ ነበር፤ በዕድሜ ከእኔ ሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። አጭር፣ ጠንካራ፣ ዝም የሚል ሰው ነው። የአካባቢው የመስቃን ገበሬዎች ስሙ አልያዝ ሲላቸው "ሙራድ" አሉት፤ እሱም ሙራድ ሲሉት አቤት ይላል። አማርኛ የጀመረው በመጣ በወሩ ነበር፤ ወንዱንም ሴቱንም "እሱ" እያለ ያወራል። ለሥራው የተሰጠችንን መኪና እሱ ይነዳል፤ መንገዱንና ቋንቋውን እኔ እይዛለሁ። የመስቃን ጉራግኛ ከእኛ ከቸሃው ቢለይም እግባባበት ነበር።

የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። ሞሪ ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ የክትባት ሳጥንና የመጽሔት ክምር ብቻ ነው የነበረው። መጽሔቶቹ እንደ ጡብ የወፈሩ፣ ወረቀታቸው ሻካራ፣ ገጻቸው እንዳለ ሥዕል ነው። እህቱ ከአገሩ በመርከብ ፖስታ ትልክለታለች። አንድ እሑድ ዝናብ አስሮን ስንውል አንዱን አንስቼ ገለጥኩት። ሞሪ ከእጄ ወስዶ ገለበጠውና መለሰልኝ። የሚጀመረው በእኛ መጨረሻ በኩል ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ቁርአን ማንበብ ለተማሩ የቡታጅራ ልጆች ይህ አያስገርማቸውም ነበር፤ ለእኔ ግን ዓለም የተገለበጠች መሰለኝ።

በአንድ መጽሔት ውስጥ አሥር አሥራ አምስት ታሪክ አለ፤ ሁሉም "ይቀጥላል" ብሎ የሚቆም። እኔን የያዘኝ የአንድ ገመድ ሠሪ ታሪክ ነው። ሰውዬው ከአገር አገር ይዞራል፤ ጉድጓድና ገደል የገባውን ሁሉ በገመዱ ጎትቶ ያወጣል። አንድ ጊዜ ደወል፣ አንድ ጊዜ በሬ፣ አንድ ጊዜ ሰው። ሞሪ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ያስረዳኛል። "ገመድ ሰው ደከመ። እጅ ደም። ግን አይለቅም" ይለኛል። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ክምሩን ጨርሼ ሌላ ታሪክ ስፈልግ ደግሞ እንዴት እንደሚመረጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። "ፊት ሁሉ ሰው ይስላል። እጅ እይ" አለኝ። በዚያ ዘዴ ሦስት ጥሩ ታሪኮች አገኘሁ። ገጠር ለገጠር ስንዞር ውለን ስንመለስ፣ ቆጮና ጎመን በልተን፣ ሁለታችንም ግድግዳ ተደግፈን እናነባለን። እሱ ቃሉን፣ እኔ ሥዕሉን።

ኅዳር ላይ ገበያ ውስጥ ፊቱ በፈንጣጣ ሽፍታ የተሞላ ልጅ አገኘን። ከየት እንደመጣ ጠይቀን መንደሩን ደረስንበት፤ ከተራራው ሥር፣ መኪና እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ የሚደርስበት ነው። የፈንጣጣ ሥራ ቀላል ነው፤ በሽታው በተገኘበት መንደር አንድም ቤት ሳይቀር መክተብ ነው። አንድም ቤት ሳይቀር። ሥልጠና ላይ ይህችን ደጋግመው አስብለውናል። ሁለት ቀን ሠራን፤ የቀረችውን ጥቂት ቤት ለቅዳሜ ጠዋት አቆየናት።

ቅዳሜ ማለዳ ከቡታጅራ ልንወጣ ስንል የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ እጁን አንስቶ አስቆመን።

"ሚስተር ሞሪ፣ ከአገርህ ጥቅል መጥቶልሃል። እስከ ስድስት ሰዓት እዚህ ነኝ። ከዚያ ለለቅሶ ጢያ እሄዳለሁ፤ የምመለሰው ማክሰኞ ነው።"

ሞሪና እኔ ተያየን። ባለፈው መጽሔት መጨረሻ ገጽ ላይ ገመዱ ተበጣጥሶ አንዲት ክር ብቻ ቀርታ ነበር። ከታች አንድ ሕፃን ተንጠልጥሏል። እንዲህ ከሆነ ሰባት ሳምንት አልፎታል።

በመንደሩ በርበሬው በየደጁ ተሰጥቶ ቀልቷል፤ ሞሪ እያነጠሰ ነበር የሚሠራው። ሁለት ጫፍ ባላት መርፌ ክንድ ላይ አሥራ አምስት ጊዜ ወጋ ወጋ ማድረግ ነው፤ ልጅ ያለቅሳል፣ እናት ትስቃለች፣ ወደሚቀጥለው ቤት። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን አንድ ቤት ቀረን። ከወንዟ ማዶ፣ በእንሰት የተከበበ ጎጆ ነው። የሚመራን ጭቃ ሹም አማርኛ እምብዛም ስለማይችል በጉራግኛ ነገረኝ።

"የሸምሱ ቤት ነው። ሚስቱ አራስ ናት። እንግዳ ማስገባት አይወድም፤ ቁጭ ብላችሁ ብታናግሩት ግን እሺ ይላል።"

ቁጭ ብሎ ማናገር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰላምታው፣ የሚቀርበው ምግብ፣ ሽማግሌ መጥራቱ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

"ምን አለ?" አለ ሞሪ።

"ባዶ ነው አለ። ገበያ ሄደዋል።"

ሞሪ ቀና ብሎ ጎጆውን አየ። ከሳሩ ክዳን ጭስ እየወጣ ነበር። ጭሱን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ ቅጹ ላይ ጻፈ።

ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ደቂቃዎች ሲቀሩት ደረስን። ያን ቅዳሜና እሑድ ከቤት አልወጣንም። ገመድ ሠሪው ክሯን በጥርሱ ይዞ ሕፃኑን አወጣው። ደስ አለኝ። ያን ደስታ በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ይመስል ከሩቅ ነው የማስታውሰው።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ጭቃ ሹሙ በእግሩ ቡታጅራ ድረስ መጣ። "በሽታው ሸምሱ ቤት ገብቷል" አለ። ሄድን። ሚስቱ ዘይነባ ትባላለች፤ ከእኔ ታንሳለች። ከመጋረጃ ጀርባ ተኝታለች፤ ፊቷ ከቁስሉ ብዛት የሚነካበት ቦታ አልነበረውም። ያ በሽታ በእኛ አገር አብዛኛውን ሰው ምልክት ጥሎበት ያልፋል እንጂ አይገድልም ነበር። እሷ ግን ከወሊዱ ገና አላገገመችም። ሕፃኗን ከተብን፣ ሸምሱን ከተብን፣ ሕፃኗን የምታጠባ አክስት ፈለግን። ሞሪ በሩ ላይ ጠባቂ አስቀመጠ። በስነ ሥርዓት ሠራን።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሞሪ ብዙ መንገድ ነዳ። ከዚያ "ጭስ ነበረ" አለ።

"አዎ።"

"አየሁ። መጽሔት ፈለግሁ። እኔም።"

ቤት ስንደርስ የዚያን ቀን ቅጽ አውጥቶ "ባዶ" የሚለውን በቀይ ሰረዘውና "አልተጎበኘም" ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ፈረመ። እኔንም አስፈረመኝ። ቅጹ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ማንም አልጠየቀንም።

ዘይነባ በአራተኛው ቀን ሞተች። መልእክቱ የደረሰን እሑድ ጠዋት ነው። ሞሪ ውጪ ወጥቶ መኪናዋን ማጠብ ጀመረ። እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ እንዳለብኝ፣ ቢያንስ ሆዴ መባባት እንዳለበት አስቤ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። ጥርሴ ሲታከም እንደሚደነዝዘው ድድ ነው የሆነብኝ፤ ሲነኩት መነካቱን አውቃለሁ እንጂ አያመኝም። ትንሽ ቆይቼ አንዱን መጽሔት ሳብኩ። ገጽ እየገለጥኩ እጆችን አየሁ። የዚያን ዕለት አዲስ ታሪክ ጀመርኩ፤ ጥሩ ታሪክ ነበር።

ለለቅሶ በሰባተኛው ቀን ብቻዬን ሄድኩ። በርበሬው ተለቅሞ ገብቶ፣ ሜዳው አቧራ ብቻ ሆኗል። ሸምሱ ሠላሳ ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ትሁት ሰው ነው። "አሰላሙ ዐለይኩም" ብዬ ገባሁ፤ ተነስቶ ሁለት እጄን ያዘኝ። ቆጮና አይብ አቀረበልኝ። ከጓዳ በኩል የዘይነባ እናት ከሴቶች ጋር ተቀምጣለች፤ ድምፅዋ ይሰማል። ሸምሱ ጥቂት ከቆየ በኋላ ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣና እንሰቱ ሥር ቆምን።

"ሐኪም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለኝ፤ በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ። "ያን ቅዳሜ ከወንዙ ማዶ ቆማችሁ አይቻችኋለሁ። ስትመለሱ አልሐምዱሊላህ አልኩ። አራስ ቤት ነው፣ ወንድ እንዲገባ አልፈለግሁም። ብትመጡ ኖሮ ግን... እከለክላችሁ ነበር?"

መልሱን ከእኔ ነበር የፈለገው። እኔ የቤቱን ሰው፣ የልቡን ነገር የማውቅ ይመስል ዓይኔን ያየኛል።

"አላውቅም፣ ወንድሜ" አልኩት። "እኛ አልሞከርንም። ቤቱ ባዶ ነው ብዬ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ጭሱን አላያችሁም?"

"አይተናል።"

"ለምን?"

ስለ መጽሔቱ መናገር አልቻልኩም። በየትኛውም ቋንቋ እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር። "ለመመለስ ቸኩለን" አልኩት።

ሸምሱ ዞር ብሎ ቤቱን አየ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ የሚሰማኝ ነገር ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ሳልጓጓ አልቀረሁም። ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያናገረኝ።

"እኔ በሩን ዘግቼ መቆሜን ለማንም አልተናገርኩም። አንተም ይሄን አትናገር። እናቷ ትሰማለች።"

እሺ አልኩ። ገብተን ምግቡን ጨረስን። እስከ ወንዟ ሸኘኝ።

ከዚያ በኋላ መጽሔት ነክቼ አላውቅም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ውሸት ነው። እንደ ድሮው አነበብኩ፤ ጥቅል በመጣ ቁጥር ፖስታ ቤት ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነበርኩ። ልዩነቱ ሞሪና እኔ የመጨረሻ ቤት ሳናንኳኳ መመለስ ማቆማችን ነው። አንዳንድ ቀን ጀምበር እስክትገባ አንድ በር ላይ ተቀምጠን እንለምናለን። አብዮቱ ሲመጣ ሞሪ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሲሄድ ክምሩን ትቶልኝ ሄደ፤ ስለ ዘይነባ ግን ሁለታችንም አንድም ቀን ዳግመኛ አላነሳንም። መጽሔቶቹ ከቤት ወደ ቤት ስዘዋወር እያለቁ ሄዱ። የገመድ ሠሪው ታሪክ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም።

ኋላ ፈንጣጣ ከምድር ጠፋ ተባለ፤ በዚያ ዘመን የሠራን ሁሉ ተመሰገንን። ጡረታ ስወጣም ስለዚያ ሥራዬ ንግግር ተደርጎ ሰው አጨብጭቧል። እኔም ቆሜ እጅ ነስቻለሁ።

የዘይነባ እናት ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ሸምሱም አልፏል። ቃሌን የምጠብቅለት ሰው ስለሌለ ነው ይህን የጻፍኩት። ሕፃኗ አድጋ፣ ወልዳ፣ ዛሬ ቡታጅራ ውስጥ የእህል መደብር አላት፤ ከዚያ የሚመጡ ነጋዴዎች ስሟን ሲጠሩ እሰማለሁ። ሩቅ አይደለም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄጄ እናትሽ እንዲህ ሆና ነው የሞተችው ልላት እችላለሁ። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። የሚያስቀረኝ ፍርሃት አይደለም፣ እፍረትም አይደለም። ፊቷ ቆሜ ነገሩን ስነግራት እሷ ታለቅሳለች፤ እኔ ደግሞ ያኔ እሑድ ጠዋት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩት ሆኜ አያታለሁ። አንዲት ሴት እናቷን ባሳጣት ሰው ላይ ያን የደነዘዘ ፊት ማየት ይገባታል ወይ የሚለውን እስከ ዛሬ ለመወሰን አልቻልኩም።