ቡላ የበላው ኤንትሬ

ዲላ ላይ ጋራዥ የከፈተ ሰው ቶሎ የሚለምደው አነጋገር ቢኖር «ከቡና በኋላ» የሚለው ነው። ሠርጉ ከቡና በኋላ ነው፤ ጣሪያው የሚቀየረው ከቡና በኋላ ነው፤ የመኪናው ጥገናም እንዲሁ። የተለቀመ ቀይ ቡና ዕለቱን መፈልፈያ ካልደረሰ ይበላሻል፤ ስለዚህ በዚያ ወቅት መኪና ታመመ ተብሎ አይቆምም፤ እያሳለውም ቢሆን ይሠራል። ወቅቱ ሲያልፍ ሁሉም የየራሱን ሬሳ ጎትቶ እኔ ዘንድ ያመጣል። እኔም እየተሳደብኩ እፈታለሁ።

ያ ኤንትሬ ግን ቡናው ሳያልቅ መጣ። ኤንትሬ የምንለው ከአባቶቻችን ዘመን የቀረውን፣ ፊቱ ደፍጣጣ የሆነውን የጣሊያን ከባድ መኪና ነው። ጊዜው ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ትንንሾቹ የጃፓን ጭነት መኪኖች መንገዱን እየሞሉት ስለነበር ከሻሸመኔ የሚመጡ ብረት ገዢዎች እነዚህን ሽማግሌዎች እየገዙ ይቆራርጧቸው ጀምረዋል።

የመኪናው ባለቤት ባሏ ከሞተባት ወዲህ ሱቁንም መኪናውንም ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት ናት። ነገር አታበዛም። «እየፈላ አስቸግሮኛል። ሞተሩ ካረጀ አርጅቷል በለኝ፤ ብረት ገዢዎቹ እሑድ ይመጣሉ» አለችኝና ሄደች።

ሾፌሩ እኔ ጋ ቀሩ። ወናጎ አጠገብ የተወለዱ ጌዴኦ ናቸው፤ ስድሳን የተሻገሩ ይመስለኛል። ሟቹ ባለቤት በሕይወት ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ከዚህ መኪና ሌላ ነድተው አያውቁም። የወንጌል አማኝ ስለሆኑ ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት ዐይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። እኔም የመኪናውን ፍሬን ስለማውቀው አሜን እላለሁ።

መኪና ሲፈላ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ አልላላም፤ የውኃ ፓምፑም ይሠራል። ከሞተሩ ክዳን ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ ይሆናል ብዬ ክዳኑን አወረድኩ። ደህና ነበር፤ ቢሆንም በአዲስ ቀየርኩት። ገጥሜ ስጨርስ ወደ ወናጎ በሚወስደው ዳገት ሞከርነው። ገና እኩሌታው ላይ ስንደርስ እንፋሎቱ መንገዱን እስኪጋርድብን ድረስ ፈላ። ወርጄ በመፍቻዬ ጎማውን መታሁትና «ይሄ አልቆለታል፣ ይሸጥ!» አልኩ። ሌላ ጊዜ መኪናቸው ሲሰደብ የማይወዱት ሰውዬ ያን ቀን እንዳልሰማ ሰው ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡ።

በማግስቱ ሞተሩን አስነሥቼ መዳፌን በራዲያተሩ ላይ አሳለፍኩ። ከላይ ያቃጥላል፤ ከታች ግን ቀዝቃዛ ነው። ውኃው አይወርድም ማለት ነው። የታችኛውን ማፍሰሻ ብፈታው ጠብ የሚል ነገር የለም። በሽቦ ስወጋው አንድ ግራጫ፣ የሚዝለገለግ ነገር ቀስ ብሎ ወጣና መዳፌ ላይ ተቀመጠ። አሸተትኩት። እንሰት ባለበት አገር ያደገ አፍንጫ እዚህ ላይ አይሳሳትም።

«ጋሼ፣ ይሄን መኪና ምንድን ነው ያበሉት?»

«ቡላ» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ቡላ ነው ያበላሁት እኔ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀደመው ዓመት ከፍስሐ ገነት ቀይ ቡና ጭነው ሲወርዱ ራዲያተሩ ማንጠባጠብ ጀመረ። መንገድ ዳር ካለ ቤት አንድ እፍኝ ቡላ ለምነው በጥብጠው ጨመሩበት። ቡላው በሙቀቱ በስሎ ቀዳዳዋን ደፈናት፤ ቡናውም በሰዓቱ ደረሰ። ለአንድ ቀን መንገድ ጥሩ ብልሃት ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ከዚያ ራዲያተሩ ይበየድ ብለው ባለቤቲቱን ጠየቋት። «ከቡና በኋላ» አለች። ከቡና በኋላ ደግሞ ማንጠባጠቡን ትቶ ስለነበር ተረሳ። እሳቸውም ባንጠባጠበ ቁጥር እፍኝ ቡላ ይጨምሩለታል። ቀዳዳ ሲደፍኑ የውኃውን መተላለፊያ ሁሉ ደፈኑት። ከዚያ መኪና የወጣው ገንፎ ለአንዲት አራስ ይበቃ ነበር።

ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ፊታቸውን አየሁና ነገሩ ገባኝ። ሞተሩ አርጅቷል ከተባለ መኪናው ይቆራረጣል። እውነቱ ከተነገረ መኪናው ይተርፋል፤ የእሳቸው እንጀራ ግን ይቆረጣል።

«ዝገት ነው እላታለሁ» አልኩ። «አጥቤ አስረክባታለሁ፤ ማን ያውቃል?»

«ዝገት ካልክ አርጅቷል ትላለች። እሑድ ትሸጣለች።»

«ታዲያ ሌላ ነገር እላለኋ! ውሸት ጠፋ እንዴ?»

«ለአንተ አልጠፋም» አሉና ፈገግ አሉ። «እሷ እኔን ስትጠይቅስ? እኔ አልችልም። ያረጀሁት እኔ ነኝ ልጄ፤ እሱ አላረጀም። በሽታው ሾፌሩ ነው በላት።»

ተናደድኩ። ሰው እንዴት የገዛ ጉሮሮውን በገዛ እጁ ይዘጋል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ምን እንደሚበላ ግን የሚናገር የለም።

ቅዳሜ ባለቤቲቱ መጣች። እኔ አፌን ሳልከፍት እሳቸው ኮፍያቸውን አውልቀው አንድ በአንድ ነገሯት። ስለ ብየዳው ግን አልተነፈሱም። እኔ አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ ራዲያተሩ ይበየድ ብለው ጠይቀውሽ ነበር እኮ። ከቡና በኋላ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ልክ ነው፣ ብያለሁ» አለች። አልተቆጣችም። ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ቡላ እንደሚጨምሩበት ግን አልነገሩኝም ጋሼ። የማላውቀውን በሽታ ይዞ ነው ስልከው የኖርኩት።»

ይሄም እውነት ነው። እጇን ዘረጋች። ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጧት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ብረት ገዢዎቹን አትምጡ እንደምትላቸው ነገረችኝ።

ራዲያተሩን አውርጄ ከፈትኩት። እሳቸው ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ቧንቧ ቧንቧውን በሽቦ ሲጠርጉ ዋሉ። እኔ ቀዳዳውን በየድኩ፤ ሞተሩንም በሶዳ ውኃ ደጋግሜ አጠብኩት። ከዚያ መኪናው ለሌላ ሾፌር ተሰጠ፤ ወጣት ነው፤ ሬዲዮ በማስገጠም የጀመረ።

ሽማግሌው ገበያ ሲወጡ እኔ ዘንድ ጎራ ይሉ ነበር። አንድ ረፋድ ላይ ቆመን ስናወራ ኤንትሬው ሲሚንቶ ጭኖ በደጄ አለፈና ዳገቱን ተያያዘው። እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ። ዞረው አላዩትም፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጡ።

«ማርሽ ቶሎ አይቀይርም ልጁ» አሉ።

«መኪናውስ?»

«አልፈላም።»

ደስ ብሏቸው ነበር። እኔን ማልቀስ ቃጣኝና መፍቻ የምፈልግ መስዬ አጠገቤ ከቆመው መኪና ሥር ገባሁ።