እህቴ የማትጠራው ስሜ

ሁለት ስም አለኝ። አንደኛውን አባቴ ነው ያወጣልኝ፤ ሁለተኛውን ታናሽ እህቴ። ሁለቱንም እዚህ አልጽፋቸውም። ወረቀት ላይ ሲጻፉ የሚያመጡትን ጣጣ አይቼዋለሁ፤ እናንተም አሁን ታዩታላችሁ።

መካነ ሰላም ዙሪያ ያደገ ሰው ለምን ሁለት ሆነ ብሎ አይጠይቀኝም። ለማያውቅ ግን ልንገር። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ታላቅ ወንድሟን በስሙ አትጠራም፤ ሙሽራም የባሏን ወገን እንደዚያው። ነውር ነው። የማክበሪያ ስም ታወጣለታለች። እህቴ አፏን እንደፈታች እናቴ "የወንድምሽን ስም በደረቁ አትጥሪ" አለቻት፤ ያን ጊዜ ያወጣችልኝ ስም እስከ ዛሬ አለ። ትርጉሙ ቤት ከሚያቆም ምሰሶ ጋር ይቀራረባል። ምሰሶ ሆኜ አላውቅም፤ የራሴን ቤት ያቆመችው ሚስቴ ናት፣ ነፍሷን ይማር። ስሙ ግን ለእህቴም፣ ለልጆቿም፣ ለልጅ ልጆቿም ስሜ ሆኖ ቀረ። ከስድሳ ዓመት በላይ አባቴ ያወጣልኝ ስም ከእህቴ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

እህቴ አዲስ አበባ ከገባች ብዙ ዘመኗ ነው። አንድ ሰኞ ልጇ ደወለችልኝ።

"እማዬ ሐሙስ ጠዋት ኦፕራሲዮን ትገባለች" አለችኝ። "ሐኪሞቹ ከባድ ነው ብለዋል። እሷ ደግሞ 'ሳልገባ የወንድሜን ፊት ልየው' ትላለች፤ ሌላ ነገር አትልም።"

"እንግዲያ ነገ አውቶቡስ እይዛለሁ" አልኳት።

"በመኪና አይደርሱም። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ከደሴ በአውሮፕላን ነው የሚመጡት። ትኬቱን በስልክ ቆርጬልዎታለሁ፤ ረቡዕ ነው። መታወቂያ ብቻ እንዳይረሱ።"

መታወቂያስ አለኝ። ግን መታወቂያው እኔ ነኝ ብዬ መማል አልችልም። ቀበሌ ሄጄ ሳወጣው ጸሐፊው "መቼ ተወለዱ?" አለኝ። "አባቴ ታችኛውን ጎተራ በሠራበት ዓመት፣ ገብስ ሲታጨድ" አልኩት። እናቴ እንዲህ ነው የነገረችኝ፤ እውነቱ ይሄ ነው። እሱ ሳቀና "መስከረም አንድ" ብሎ ጻፈ። ዓመቱንም የበግ ነጋዴ ጥርስ አይቶ እንደሚገምት ፊቴን አይቶ ገመተው። በኋላ እንዳየሁት የቀበሌያችን ሽማግሌ ሁሉ የተወለደው መስከረም አንድ ነው። እናቶቻችን እንቁጣጣሽ እስኪደርስ ምጣቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር ማለት ነው። ፎቶውም ቢሆን ፊቱ የእኔ፣ ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው። ወፍራሙም ቀጭኑም በዚያው ኮት ነው የተነሳነው። ልክ የነበረው ስሙ ብቻ ነው። ጉዱን ያፈላውም እሱ ልኩ ሆነ።

ማክሰኞ ማለዳ ከመነሳቴ በፊት ጎረቤቴ ሊሸኘኝ መጣ። ቁርዓን የሚያስቀራ ሽማግሌ ነው፤ እኩያዬ። አርባ ዓመት ስንከራከር አንድም ቀን ተስማምተን አናውቅም፤ ተጣልተንም አናውቅም። መታወቂያዬን በላስቲክ ስጠቀልል አየኝ።

"መታወቂያ የሌለው አይሳፈርም ማለታቸው ልክ ነው" አለኝ። ያናድደኝ ዘንድ ነው።

"ምኑ ነው ልኩ? አባትህ የመሸበትን መንገደኛ ሲያሳድር መታወቂያ ይጠይቅ ነበር?"

"አባቴ ቤቱን ይዞ አይበርም ነበር።"

"ይፈትሹኝ። ኪሴን፣ ጫማዬን፣ ጥምጣሜን ቢሉ ፈትቼ አሳያለሁ። ከፈተሹኝ በኋላ ስሜ ምን ያደርግላቸዋል? ስሜ አይፈነዳ።"

"አውሮፕላኑ ቢወድቅስ? መርዶውን ለማን ይንገሩ?"

"አንተ ትሰማለህ።"

"እኔ በሬዲዮ ስሰማ የሞተው አንተ ሁን ሌላ በምን አውቃለሁ? ተዝካር አውጥተንልህ ብትመጣስ? በጉን ማን ይመልሳል?"

"መልአከ ሞት መታወቂያ አይጠይቅም" አልኩት።

"እሱ ተሳስቶ አያውቅም። የአውሮፕላን ሰዎች ግን ሰው ናቸው። አብሽር፣ ያዝና ሂድ፤ ዱኣ አደርጋለሁ።"

"ዱኣው ለእኔ ነው ለመታወቂያው?"

"ለመታወቂያው። ውሸት የበዛበት እሱ ነው።"

እንዲህ ተባብለን ተለያየን። በአቀስታ በኩል በአውቶቡስ ደሴ ገባሁ። እዚያ አንድ ኢንተርኔት ቤት በስልኬ የተላከውን ትኬት በወረቀት አወጡልኝ። በፈረንጅ ፊደል ነው የተጻፈው። እኔ የአማርኛውን ፊደል እንኳ የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ቀስ እያልኩ ነው የማነብ። የፈረንጁን አይቼ አጠፍኩት፣ ኪሴ ከተትኩት።

ረቡዕ ጠዋት ከደሴ ቁልቁል ወርጄ አውሮፕላን ማረፊያው ደረስኩ። በር ላይ ቀበቶ አስፈቱኝ። ጫማዬን አስወለቁኝ። ለእህቴ የያዝኩላትን የገብስ ቆሎ እንደ ወርቅ በመፈተሻው ማሽን ውስጥ አሳልፈው አዩት። የወይራ ዱላዬን አንዱ ጠባቂ ተቀበለኝና "ይሄ ከሻንጣ ጋር ነው የሚሄድ" አለኝ። ሁሉንም እሺ አልኩ። ፍተሻ አያስከፋኝም ብዬ የለ?

ትኬት የምታየው ልጅ ዘንድ ስደርስ ነው ነገሩ የተበላሸ። ጨዋ ልጅ ናት። ወረቀቱን አየች፤ መታወቂያውን አየች፤ እኔን አየች። እንደገና ወረቀቱን አየች።

"አባባ፣ ይሄ ትኬት የእርስዎ አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ? የእህቴ ልጅ የቆረጠችልኝ ነው።"

"የተጻፈው ሌላ ስም ነው" ብላ ጮክ አድርጋ አነበበችው። እህቴ ያወጣችልኝ ስም። ከዘመዶቼ በቀር ማንም የማያውቀውን ስም ተሰልፈው ለቆሙ ሰዎች ሁሉ አሰማችልኝ።

"እሱም እኔ ነኝ" አልኳት።

"መታወቂያው ላይ ያለውስ?"

"እሱም እኔ ነኝ።"

ከኋላዬ ቦርሳ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ቆሟል። ሰዓቱን ያያል። "አንድ ሰው በሁለት ስም አይሳፈርም፤ ሕግ ነው" አለ።

ከሱ ኋላ ያለች የደሴ ነጋዴ ሴት ተቀበለችው። "ምን ይሁኑ ነው የምትል? እኒህ ሽማግሌ አውሮፕላኑን ጠልፈው ወዴት ሊወስዱት ነው?"

"አጅባር ገበያ" አልኳት። "ማክሰኞ ስላመለጠኝ።"

ሴቲቱ ሳቀች። ጠባቂው አልሳቀም፤ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ተጠጋ። እዚያ ቤት ስለ ጠለፋ እንደማይቀለድ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

"እኔ እርስዎን ጠልቼ አይደለም አባባ" አለኝ ጎልማሳው፣ አሁን ቀዝቀዝ ብሎ። "ዛሬ ለእርስዎ ከታለፈ ነገ ሌላ ሰው በእርስዎ ስም ይሳፈራል። ያን ጊዜ ፖሊስ የሚመጣው እርስዎ ቤት ነው።"

"ኧረ ተወኝ" አልኩት። ከሁሉ ያናደደኝም እሱ ነው፤ ጎረቤቴ ዘንድ ተምሮ የመጣ ይመስል ነበር።

ግን የእኔ ነገር ክርክር አልነበረም። ያ አውሮፕላን ካመለጠኝ ሌላው ሐሙስ ከሰዓት ነው። እህቴ ሐሙስ ጠዋት ትገባለች፤ ትውጣ አትውጣ የሚያውቅ የለም። ይሄንኑ ለልጅቱ ነገርኳት። ወንበሬ ይቅርብኝ፣ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ከቆሎው ጋር ጫኑኝ አልኳት።

"ትኬቱን የቆረጠችው ሰው ትክክለኛውን ስም ከነገረችን እናርመዋለን" አለችኝ። "ብዙ ጊዜ ግን የለንም።"

ለእህቴ ልጅ ደወልንላት። የትኬቷ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ትኬት የቆረጡላቸው ሰው ማን ይባላሉ?"

የእህቴ ልጅ የምሰሶውን ስም ተናገረች።

"እሱ ትኬቱ ላይ ያለው ነው። መታወቂያቸው ላይ ያለውን ነው የምጠይቅዎ።"

"ሌላ ስም አላቸው እንዴ?" አለች።

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ጎልማሳው ሳይቀር። ከአርባ ዓመት በፊት ያቀፍኳት ልጅ ስሜን አታውቀውም። እኔ ደግሞ "ስሜማ..." ብዬ ልነግራት አፌን ስከፍት የትኬቷ ልጅ እጇን አነሳችብኝ።

"አባባ፣ እርስዎ አይንገሯት። እሷ ናት ለእኛ የምትነግረን።"

ስሜን ለመናገር የማይፈቀድለት ሰው እኔ ብቻ ሆንኩ።

"እማዬ አጠገቤ ናት፤ እሷን ልስጥዎት" አለች የእህቴ ልጅ። ስልኩ ውስጥ የአልጋ ሲጥ ሲጥ ሰማሁ፤ ከዚያ የእህቴን ትንፋሽ።

"እማማ፣ የወንድምዎ ስም ማን ነው?"

የምሰሶውን ስም አለቻት።

"እውነተኛው ስማቸው?"

"እሱ ነው እውነተኛው።"

"አባታቸው ያወጡላቸው ማለቴ ነው።"

"አባቴ ያወጣላቸውን አባቴ ይጥራው። እኔን ምን ቤት ነኝ ብለሽ ነው?"

ነጋዴዋ ሴት "እሰይ" አለች። እኔ ግን እህቴን አውቃታለሁ፤ ግትርነቱን የወሰድነው ከአንድ ማጀት ነው።

"እማማ" አለች የትኬቷ ልጅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ካልነገሩኝ አውሮፕላኑ ጥሏቸው ይሄዳል።"

እህቴ አልጋዋን እንደገና ሲጥ አደረገችው። ከዚያ "እሳቸው እዚያ አሉ? ይሰሙኛል?" ስትል ሰማኋት።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ፤ የለም በያት ማለቴ ነው።

"የሉም፤ ውጭ ናቸው። አይሰሙም" አለቻት።

ያን ጊዜ እህቴ ጠራችው። ፍም በእጁ እንደያዘ ሰው ቶሎ ጣለችው፤ ስሜን፣ ያባቴን ስም አስከትላ። ያን ስም በዚያ አጠራር ከእናቴ በቀር የጠራው ሰው አልነበረም። ድምፁም የእናቴ ነው፤ እህቴ እንዳረጀች፣ እናቴን እንዳከለች፣ በስልክ ነው ያወቅሁት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ግድግዳው ላይ መያዝ የተከለከሉ ነገሮች ሥዕል አለ፤ መቀስ፣ ጠርሙስ፣ ክብሪት። እነሱን አጥብቄ አየሁ።

"ልክ ነው" አለች ልጅቱ፤ ጻፈችው። አዲስ ወረቀት ሰጠችኝ። ጎልማሳው ቦርሳውን ካንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውሮ "እንኳን ደስ ያለዎት አባባ" አለኝ፤ ሊያሽሟጥጠኝ ይሁን ከልቡ አልገባኝም። የወይራ ዱላዬን ደግሞ አንገቷ ላይ ወረቀት አስረውባት ከሻንጣ ጋር ስትሄድ አየኋት። ስምሽ ማነው ያላት የለም። ዱላ ግን ሰው ይመታል፤ ስም ማንን መትቶ ያውቃል?

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ደረስኩ። እዚያም በር ላይ መታወቂያ ተባልኩ። መታወቂያዬን ይዘው፣ ስሜ የተጻፈበት ካርድ በገመድ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ገበያ የሚወጣ ወይፈን መሰልኩ።

እህቴ ስታየኝ ልትነሳ ፈለገች፤ ልጇ ያዘቻት። ካልጋዋ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች፤ እኔ ግንባሯን ሳምኩ። አፊያ ነሽ፣ አፊያ ነዎት ተባባልን፤ አልጋ ላይ ላለ ሰው ጤና ነሽ ወይ ማለት ምን እንደሆነ እንጃ፣ ግን እኛ ወሎዬዎች እንዲያው እንላለን። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

"አንዲት ልጅ ስምዎን አስጠራችኝ" አለች። "ይቅር ይበሉኝ።"

"መቼ? እኔ አልሰማሁም፤ ውጭ ዱላዬን ሲፈትሹ ነበርኩ።"

ነጠላውን ገለጥ አድርጋ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። ያመነችኝ አይመስለኝም፤ ግን ቆሎውን ተቀበለችኝ።

መታወቂያዬ ስለ ልደቴ ዋሸ፤ የትኬቷ ልጅ ዋሸች፤ እኔ ዋሸሁ። አንድ ሽማግሌ በሦስት ውሸት እህቱ ዘንድ ገባ። ይሄን ጎረቤቴ ሲሰማ ምን እንደሚለኝ ስለማውቅ እስካሁን አልነገርኩትም።

ሐሙስ ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷት። ኮሪደር ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ዋልን። የእህቴ ልጅ ስልኳን ትነካካለች፤ እኔ አንገቴ ላይ ያለውን ካርድ ፊደል በፊደል አነባለሁ። ደጋግሜ ሳነበው የሌላ ሰው ስም መሰለኝ። ቀኑ ሲያዘነብል አወጧትና ወደ አንድ ክፍል አስገቧት። ዓይኗን ከድና ነበር፤ ከንፈሯ ደርቋል። ሐኪሙ ደህና ወጥታለች፣ አሁን መንቃቷን ነው የምንጠብቅ ብሎን ሄደ።

ብዙ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። ነርሷ መጥታ ጎንበስ አለችባት።

"እማማ፣ ይሰሙኛል? እዚህ አጠገብዎ ያሉት ማን ናቸው?"

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ቀስ ብላ አየችኝ። ከዚያ የምሰሶውን ስም አለች።

ነርሷ አንገቴ ላይ ያለውን ካርድ አየች፤ አነበበችው፤ ራሷን ነቀነቀች።

"ገና ነው። ማደንዘዣው አልለቀቃቸውም፤ ሰው መለየት አልቻሉም። ቆየት ብዬ ልመለስ።"

"አትመለሽ ልጄ" አልኳት። "ነቅታለች።"

"ካርዱ ላይ ያለው ሌላ ስም ነው እኮ አባባ።"

"ካርዱን ተይው" አልኩና ገልብጬ፣ ጽሑፉን ወደ ደረቴ አድርጌ፣ የእህቴን እጅ ያዝኩ።