ሰባት ወይስ ስምንት

እትዬ አባይነሽ ብሬብሩክ በሚባል ሰፈር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሶስት ሰው ይደውልላቸዋል፦ ፐርዝ ያለችው ልጃቸው፣ እኔ፣ የመብራት ኩባንያ ይቀይሩ እያለ የሚለምን ሻጭ። የሚበዛው የመብራቱ ነው።

የተዋወቅነው በፈረንጅ 2014 ዌረቢ የሚባል ቦታ፣ የቲማቲም ችግኝ የሚፈላበት ግሪንሃውስ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት በመኪናዬ አደርሳቸው ነበር። ድሮ ሐረር ባዮሎጂ ያስተምሩ ነበር። እኔ ባዮሎጂን ስምንተኛ ክፍል ላይ ጥያት ስለወጣሁ አልተገናኘንም።

አስራ አንዳችን ችግኝ ስንሸከም እሳቸው ጥግ ላይ ማይክሮስኮፕ ይዘው ትሪፕስ ያያሉ። ትሪፕስ ከሰሊጥ ያነሰች ተባይ ናት። የቅጠል ጭማቂ ትመጥጣለች፣ ቅጠሉም ብር ቀለም የተቀባ ይመስላል።

አንድ ቀን፣ "እትዬ፣ ይኸው አንድ ትሪፕ" አልኳቸው።

"ትሪፕ የሚባል የለም። አንዷም ብትሆን ትሪፕስ ነው ስሟ።"

"ብቻዋን ሆና እንደ ብዙ ትጠራለች?"

"እኔስ ብቻዬን አይደል 'መጡ፣ ሄዱ' የምትለኝ?"

እኔ ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ወዲያ ተባይዋን አንቱ ማለት ጀመርኩ። "እትዬ፣ ቅጠሉ ላይ ተቀምጠዋል" እላለሁ።

ኅዳር ላይ ቅጠሉ ሁሉ ብር ሆነ። አለቃችን ሳልቫ ሰበሰበን። የሽንኩርቷ ትሪፕስ ከሆነች መድኃኒት ረጭተን እንቀጥላለን አለ። ዌስተርን የሚሏት ከሆነች ግን የእሱ መድኃኒት አይገድላትም። ችግኙ ተነቅሎ ይጣላል፣ ግሪንሃውሱ ይዘጋል፣ እኛም ወደየቤታችን። "አባይ፣ ቴል ሚ" ብሎ ነገሩን እሳቸው ላይ ጣለው።

ልዩነቱ አንቴናዋ ላይ ነው። የሽንኩርቷ ሰባት አንጓ አላት፣ ዌስተርኗ ስምንት።

ያን ቀን ጠዋት መኪና ውስጥ፣ "ቤት ከዋልኩ ከማን ጋር ነው ምሳ የምበላው?" ብለውኝ ነበር። እና ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሱ ጠጋ አልኩ።

"እትዬ፣ ሰባት ይበሉ። ማን ይቆጥርብናል?"

"ዝም በል ወልዴ፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።"

"ይጥፋብዎ! እኔም እሱን ነው የምለው።"

ሌላ ተባይ አስገቡ። ቆጠሩ። ሶስተኛ አስገቡ። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉና እንደገና ቆጠሩ።

"ኤይት" አሉ ለሳልቫ።

ከሥራ ስንወጣ በመኪናዬ ይዣቸው ተመለስኩ። ፉትስክሬይ ሰፈር ስንደርስ፣ "ተቀየምከኝ?" አሉ።

"ኧረ እትዬ! ለአንዲት አንጓ?"

"ሰባት ብትሆን እኔም ደስ ይለኝ ነበር" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አስራ አንዳችንም ተሰናበትን። እኔ ዶሮ ፋብሪካ ገባሁ፣ ዶሮ አንጓ ስለሌላት ሰላም ነው። ሳልቫ ያስቀረው እሳቸውን ብቻ ነው፤ ሀቀኛ ናት ብሎ። ባዶው ግሪንሃውስ ውስጥ ተባይ የሚይዙ ቢጫ ማጣበቂያ ካርዶች ሰቅሏል። ማክሰኞ ማክሰኞ በባቡርና በአውቶቡስ እየሄዱ እሳቸው ያያሉ። ችግኝ የለም፣ ሰው የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ይደውሉልኛል።

"ወልዴ፣ ካርዱ ላይ ምንም የለም።"

"እንኳን ደስ ያለዎት! ጸዳ ማለት ነው።"

"ቆይ አትዝጋው። የሚቀጥለውን ካርድ አይቼ ልንገርህ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ጠበቅኩ። አርባ ካርድ ነው ያለው።