ለሰው ያልነገርነው ልጅ

የስደት ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ በሌሊት ይጀምራል፤ ውሻ ሳይጮህ፣ ጎረቤት ሳይነቃ። እኛ ግን ከመካነ ሰላም የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ ላገኘነው ሁሉ እንደምን ዋላችሁ እያልን ነው። ባሌ ደምሴ ልብስ ሰፊ ስለነበር ጥቅል ተሸክሞ ወደ ወግዲ ገበያ ቢሄድ ማንም አይጠረጥረውም። እኔ ጋቢዬን እስከ አገጬ ተከናንቤ ከኋላው እከተላለሁ። በዚህ ፀሐይ ጋቢ ምን ይሠራልሻል የሚለኝ ሰው እንዳይመጣ እየጸለይኩ ነበር፤ ከጋቢው ሥር የስድስት ወር ልጅ አለ።

ለምን እንደደበቅነው አገር ቤት ላላችሁት ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እዚህ ስደት አገር ተወልደው ላደጉት ግን ልንገር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዤ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ደስታ አላስችል ብሎን በጊዜ አወራን፣ ሁለቱም አልቆዩልንም። ዓይን ነው ተባለ። ሦስተኛው ሲመጣ ደምሴ፣ «ይህን ለማንም አንናገርም» አለ።

«ለእማዬም?»

«ለእሳቸውም። ሆድሽ ራሱ እስኪናገር ዝም።»

እንዲህ ይበል እንጂ ወሬ ካላወራ የሚታመም ሰው ነው። ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ከሥራ ገባና በርከክ ብሎ ወደ መቀነቴ ጠጋ አለ። «ለሰው ካልነገርነው፣ ለራሱ እንንገረው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ሦስት ሆንን፤ ከበሩ ውጪ ሁለት ነን።

«ስማ እንግዲህ» ይለዋል ማታ ማታ፣ «ዛሬ የመጣው ሰው ሁሉ ልብሱን አጥብብልኝ ይላል። ትናንት ያጠበብኩለት ዛሬም መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ብቻ ሱሪውን ይዞ መጥቶ ወገቡን አስፋልኝ አለኝ።»

«ኧረ ዝም በል፣ ግድግዳ ጆሮ አለው!» እላለሁ።

«ለልጄ ነው የማወራው። ልጄ አያሳብቅም።»

መጀመሪያ አሳቀኝ፣ ኋላ እኔም ለመድኩት። የጎረቤት ላም መሞቷን፣ ክረምቱ ሳይዘንብ መውጣቱን፣ ጠላ የምጠምቅበት ጋን ጌሾ ካየ መክረሙን፣ ሽሮው ውሃ ውሃ ማለቱን ሁሉ እነግረዋለሁ። «አትቀየመን፣ ነገ ወፈር አድርጌ እሠራዋለሁ» እያልኩ እዋሸዋለሁ። ደምሴ ሲያጎርሰኝ ደገም ያደርግና «ይቺ የሱ ናት» ይላል። እሱ ራሱ መቼ እንደሚበላ አላይም። ልጁ የአባቱን ድምፅ ሲሰማ ይረግጠኝ ጀመር፤ እኔ ስናገር ግን ዝም። ገና ሳይወለድ አዳላ ብዬ እቀና ነበር።

ታዲያ ያ መደበቃችን ጉድ አመጣብን። ሊቀመንበሩ ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ቀን እየለካ፣ እየተንጠራራ፣ «ጓድ ደምሴ፣ አንተና ሚስትህ ወጣት ናችሁ፣ ልጅ የላችሁ፣ ሸክም የላችሁ። ለሰፈራ ከእናንተ የተሻለ የት ይገኛል?» አለው። ምን ይበል? አርግዛለች ብሎ ለዚያ ሰው ዓይን ይስጠኝ? ዝም አለ። ዝምታውም እሺታ ሆኖ ተቆጠረ። ወሬው ደግሞ ይደርሰን ነበር፤ ባል በአንድ መኪና፣ ሚስት በሌላው ተጭነው የት እንደወረዱ የማይተዋወቁ ሰዎች ነበሩ። እኔ ልጄን ከአባቱ ድምፅ ለይቼ የትም አልወልድም አልኩ። በዚሁ ተነሣን።

ከከተማው መውጫ ላይ ከእማዬ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን፤ ከምንጭ እየተመለሰች ነው። እንደምንሄድ አልነገርናትም፤ ቀበሌ ቢጠይቃት ባታውቅ ይሻላታል ብለን ነው።

«ወዴት ናችሁ ልጆቼ?»

«ወግዲ፣ ለገበያ ነው» አልኳት።

እንስራዋን እንደያዘች ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ቀስ ብለሽ ርገጪ» አለችኝና አለፈች። ዞር ብዬ ማየት አማረኝ፣ ደምሴ ግን ክንዴን ያዘ። ሳልስማት ቀረሁ።

ወግዲን አልፈን ወደ ዓባይ ወረድን። የኛን ብርድ ለምዶ ላደገ ሰው የዓባይ በረሃ ምድጃ ውስጥ እንደ መግባት ነው። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ያልተነሡም ነበሩ፤ ስለነሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ደምሴ ያኔ ለልጁ መዋሸት ጀመረ። «አሁን ሰርግ እየሄድን ነው፤ ይህ የምትሰማው ሁሉ ሰርገኛ ነው» ይለዋል። ዋናተኞች በተነፋ ስልቻ አሻገሩን። ውሃው መሀል ላይ እኔ ማርያምን ስጠራ ከጎኔ የነበሩት የከላላ ሴትዮ ፋጡማን ይጠሩ ነበር፤ በኋላ ተለዋወጥን መሰለኝ፣ ሁለታችንም ሁለቱንም ስንጠራ ተሻገርን።

የጎጃምን ዳገት ወጥተን ውሃ ከጠጣን በኋላ ነው ያስተዋልኩት። ልጁ ዝም ብሏል።

ለደምሴ አልነገርኩትም። ድካም ይሆናል፣ እሱም እንደኛ ተኝቶ ይሆናል አልኩ። ከጎጃም ጎንደር በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር እስከ መተማ፣ ከመተማ ወዲያ ከከብት ነጂዎች ጋር ድንበሩን ስናልፍ ሁሉ እጄ ከሆዴ አልተነሣም። አንዳንዴ የሆነ ነገር ንቅንቅ ይላል፤ እሱ ይሁን አንጀቴ አላውቅም። ደምሴ ማታ ማታ ሲያወራው «ረገጠ?» ይለኛል። «ረገጠ» እላለሁ።

ገዳሪፍ ገባን። መሬቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ የለም። ሀቡብ የሚሉት አቧራ ሲነሣ ቀኑ ይጨልማል። ኪስራ የሚባል የማሽላ ምግብ አላቸው፤ እንጀራ ነኝ ይላል ግን ዓይን የለውም፣ ልስልስ ብሎ እንደ ወረቀት ይታጠፋል። ደግ ሰዎች ናቸው፣ እንግዳ ሲያዩ ውሃ ይሰጣሉ፤ ውሃውም ለብ ያለ ነው። የአገሬን ውርጭ የረገምኩበትን አፌን ረገምኩት።

ክፍል ያከራዩን ሽማግሌ አም ኡስማን ይባላሉ፤ «አም» እንደኛ «አያ» ማለት ነው። ከእስላም ጎረቤቶቻችን በለመድናት ዓረብኛና በእጅ ምልክት እንግባባለን።

«ስንት ናችሁ?» አሉን።

«ሁለት።»

«ልጅ?»

«የለንም።»

«አልሐምዱሊላህ! ልጅ ግድግዳ ይቦጫጭራል።»

በሳምንቱ በራችንን በከዘራቸው ደበደቡት። «ሁለት ነን ብላችሁ ሦስተኛ ሰው አስገብታችኋል! ሰውዬው በየማታው ሲያወራ እሰማለሁ፤ ከሚስቱ ጋር ነው እንዳልል የሷ መልስ የለበትም። የታል እንግዳው? በሰው ልክ ነው የማከራየው!» ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብለው ፈለጉ፣ ከጥቅላችን ኋላ ፈለጉ። ደምሴ ላብ አሰመጠው።

«ጸሎት ነው» አለ።

«ጸሎት ላይ ይሳቃል እንዴ?»

«የኛ አገር ጸሎት ነው፣ አም ኡስማን።»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ልጁ ያለ እንደሆነ ሰውዬው ኪራይ ቢያስከፍሉኝ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ለደምሴ እውነቱን ነገርኩት። «ከዓባይ ወዲህ ደህና አድርጎ አልረገጠኝም» አልኩት። ጭቅጭቅ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጫማውን አጠለቀና በይ ተነሺ እንኳ ሳይለኝ እጄን ይዞ ስደተኞች ወደሚታከሙበት ድንኳን ወሰደኝ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሁሉም የኛው ሰው፣ ሁሉም ጆሮ። ተራችን ሲደርስ የሚመዘግበው ከጎንደር የመጣ ጤና ረዳት ቀና ሳይል ጠየቀን።

«ምኗን ነው?»

«ሆዷን» አለ ደምሴ።

«ያስቀምጣታል?»

«የለም።»

«ያስመልሳታል?»

«ድሮ ነበር። አሁን ትቷታል።»

«ታዲያ ተሽሏታላ! ያቺን የኮሶ ክኒን ውሰዱ። ቀጥል!»

ክኒኑን መዳፌ ላይ አኖረው። ከኋላችን ያሉት መግፋት ጀመሩ። ደምሴን አየሁት፣ አየኝ። ሁለቱን በምላሳችን ነው ያጣናቸው ብለን ስንት ወር የነከስነው ምላስ ነው። እኔ አቃተኝ። እሱ ግን ድንኳኑ እስኪናወጥ ጮኸ፦

«አርግዛለች! ስድስት ወሯን ይዛ ነው የወጣችው! ልጃችን ዝም ብሎናል!»

ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ያ ሁሉ ዓይን ሆዴ ላይ ሲያርፍ በሁለት እጄ ሸፈንኩት፤ አለቀ፣ ይህም ሄደ አልኩ። ከሰልፉ ግን አንዷ «ማርያም ትቅረብሽ» አለች፣ ሌላዋ «አብሽሪ እቴ፣ ኸይር ነው» አለች፣ ሰዉም ገለል ብሎ መንገድ ሰጠን። ያን ቀን ዓይኑን የምፈራው ሰው ሁሉ ነው እየደገፈ ያስገባኝ።

አዋላጇ ጠይም፣ ወፍራም ሱዳናዊት ነች። አማርኛ አታውቅም። ከእንጨት የተሠራች ጡሩንባ የምትመስል ነገር ሆዴ ላይ ተክላ ጆሮዋን ለጠፈች። ወዲህ አዛወረች፣ ወዲያ አዛወረች። ፊቷ ምንም አይናገርም። ደምሴ በሩ ላይ ቆሞ ግንባሩን ከድንኳኑ እንጨት ጋር አጋጥሟል። ከዚያ ሴትዮዋ ጆሮዋን ሳታነሣ እጇን ዘረጋችና በጣቷ ጉልበቴን ትመታው ጀመር፤ ቶሎ ቶሎ፣ ሳታቋርጥ። የልብ ምቱን ነበር የምትነግረኝ። ገባኝ። እንዳለቀስኩ አላውቅም ነበር፣ ጋቢዬ ሲረጥብ ነው ያወቅሁት። ድካምና ረሃብ ነው ተብሎ ወተት እንዲሰጠኝ ታዘዘ። ወተቱን በጠጣሁ በሳምንቱ ልጁ በአባቱ ድምፅ ደህና አድርጎ ረገጠኝ።

ወሬው አንዴ ከወጣ ዘንድ ያልነገርኩት አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እማዬ ከሰው አፍ ከምትሰማው ከኔ ትስማው ብዬ ስልክ ቤት ሄድን። መካነ ሰላም በስልክ ስለማይገኝ ደሴ ስልክ ያለው ሱቅ ወደከፈቱት የከተማችን ነጋዴ፣ ወደ ሐጂ ይማም አስደወልን። እማዬን ያውቋታል፤ መልእክት ያደርሱልኛል።

«ሐጂ፣ እኔ ነኝ፣ አስካለ፣ የደምሴ ሚስት!»

«ያረቢ! በሕይወት አለሽ?» አሉ። «የት ነሽ?»

«ሱዳን ነን። ሐጂ፣ ለእማዬ ይንገሩልኝ፣ እርጉዝ ነኝ በሉልኝ፣ ልጁ ደህና ነው በሉልኝ!»

«ታውቃለች እኮ፣ ልጄ።»

«ማን ነገራት?»

«ለእናት ማን ይነግራታል? ስትራመጂ አይቼ ነው አለችኝ፤ ዓይን እንዳይገባበት ብዬ ዝም አልኩ አለችኝ።» ቀጠሉ። «የጠፋችሁ ጊዜ ሊቀመንበሩ አመለጡኝ እንዳይል ለሰፈራ ተጭነው ሄዱ ብሎ አወራ። እናትሽ ይህን ስትሰማ በገዛ እግሯ ሄዳ ጫኑኝ አለች። ኸዚህ ደሴ ሲያሳድሯቸው አግኝቻታለሁ፣ ወላሂ በዓይኔ አይቻታለሁ። ኧረ ይቆዩ እመት፣ ይመለሱ ብላት፣ ልጄ የመጀመሪያዋ ነው፣ ማን ያዋልዳታል፣ ደርሼ ላርሳት አለችኝ።»

«ወዴት ወሰዷት?»

«ወለጋ የሚል አለ፣ ኢሉባቦርም የሚል አለ። እኔ እንጃ ልጄ...»

መስመሩ ጮኸና ተቆረጠ። የስልክ ቤቱ ሰውዬ ኻላስ፣ አለቀ፣ ቀጥል አለን።

ያን ማታ ደምሴ እንደ ወትሮው በርከክ ብሎ ወደ መቀነቴ ተጠጋ። «ስማ እንግዲህ» አለና ቀና ብሎ «ይህንንስ እንንገረው?» አለኝ። እማዬ በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው በረሃ፣ ከሚወርደው መኪና ሁሉ ሆዷ የገፋ ሴት እየፈለገች ነው። ልጁ ግን የአባቱን ወሬ ለምዷል፤ ቀጥሉልኝ እያለ ሲረግጠኝ አመሸ።