የጋሽ ግስ አፍንጫ

ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ግስ» ያሏቸው ያለ ነገር አይደለም። እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ በየሰኞው አንድ ግስ ሰሌዳው ላይ ይጽፉና ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን የዘር ሐረጉን እስከ ቅድመ አያቱ ይቆጥሩለታል። ከሁሉም የሚወዱት አንዱን ነበር፤ ስቲንክ፣ ገማ ማለት ነው። «ዛሬ እንዲህ ተዋርዶ አትዩት» ይላሉ። «በጥንቱ እንግሊዝኛ ለመልካም መዓዛም ለክፉ ሽታም የሚባል ቃል ነበር። የእኛን ‹ሸተተ› ውሰዱ፤ ሽቶስ ከየት መጣ? በኋላ ግን መዓዛው ለሌሎች ቃላት ተሰጠና እሱ ከግማቱ ጋር ብቻውን ቀረ።»

ስለ ግማት ደግሞ እሳቸው ይጠየቁ። ትምህርት ቤቱ ከቆዳ ፋብሪካው ጋር በአንድ ግንብ ይዋሰን ነበር። ኤጭ! ፀሐይ በረታ ሲል ከቆዳው የተፋቀው ሞራ ይበሰብሳል፤ ዝንቡ ከዚያ ተነስቶ ጠመኔው ላይ ይሰፍራል። መስኮት ቢከፍቱ ግማት፣ ቢዘጉ ወበቅ። ቤታቸው ሲገቡ ኮታቸውን አሽትተው ውጭ ይሰቅሉታል። ጡረታ እንደወጡ ከሰፈሩ ርቀው ቤት ተከራዩና ተገላገልኩ አሉ።

የት ተገላግለው! መድኃኒት ቤት የምትሠራው አንድያ ልጃቸው፣ ለተሰነጣጠቀ እጁ ቅባት ሊገዛ ከመጣ ሰው ጋር ተዋደደች። ሰውየው የፋብሪካው ሠራተኛ ነው፤ ያውም ፀጉሩ እንዲላቀቅ ቆዳው ኖራ ውስጥ ከሚዘፈዘፍበት ክፍል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአባቷ በቀር ሰው የላትምና፣ እሳቸው እሺ ካላሉ እንደማታገባው ቁርጡን ነገረቻቸው። እሳቸውም አንድ ጊዜ ይምጣና ልየው አሉ። ልባቸው ግን ገና ሳያዩት እምቢ ብሎ ነበር።

እሑድ ከሰዓት መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ፀጉሩ ከመታጠቢያ እንደወጣ ነው። እውነቱን ለመናገር የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነበር። ጋሽ ግስ ግን ገና በሩ ላይ ሲቆም አቅለሸለሻቸውና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። ዓይናቸው ቡናማ ከሆነው ጥፍሩ ላይ አልነቀል አለ። እሱ ምስኪን ከልጅቷ እጅ ትሪውን ተቀብሎ የሚጠጣ ውሃ ሲያቀርብላቸው፣ ብርጭቆውን በሁለት ጣት ይዘው ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጡትና ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ልጅቷ አየች። እሱም አየ።

እንደምንም ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ልጃቸውን እንደሚወድ፣ የትም እንደማይጥላት፣ እሺታቸውን ፈልጎ እንደመጣ ተናገረ። ጋሽ ግስ ደግ አስተማሪ መስለው ያንን ግሳቸውን ከጥንቱ ጀምረው ተረኩለት። እሱም አንገቱን እየነቀነቀ በአክብሮት አዳመጣቸው።

«አየህ የኔ ልጅ» አሉ ሲጨርሱ፣ «በዚያ ዘመን ቢሆን አንተንም አበባንም በአንድ ቃል እንጠራችሁ ነበር። ምን ይደረግ፣ ዘግይተህ ተወለድክ።»

ብቻቸውን ሳቁ። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። እንዲህ ያለ ነውር ከተማረ ሰው አፍ ሲወጣ መስማት ራሱ ያቅለሸልሻል።

ልጅቷ አልጮኸችም። «አባዬ» አለች፣ «አምና ወድቀህ አልጋ ላይ የዋልክ ጊዜ አንሶላህን ማን ነበር የሚያጥበው?»

«አንቺ ነሻ፣ ሌላ ማን አለኝ?»

«እኔማ ጠዋት ጠዋት ሥራ እገባ ነበር። ጠቅልዬ የምሰጠው ለሱ ነው። በእጁ ነው ያጠበው፤ በዚያ በተሰነጣጠቀ እጁ። አንድ ቀን ሸተተኝ ብሎኝ አያውቅም።»

ጋሽ ግስ ክው አሉ። ያ አንሶላ ከበታቻቸው ሲሳብ ምን እንደነበረበት እሳቸው ያውቃሉ። ያኔ ላለማየት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ላለማሽተት አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። አሁን ግን የሚዞሩበት ጠፋቸው። የተጸየፉት ሌላ ሰው አልነበረም፤ ራሳቸውን ነው።

እንግዳው ደንግጦ ልጅቷን ተቆጣት፤ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል ወይ አላት። ከዚያ ጋሽ ግስ ያፈሩት በአንሶላው መሰለውና፣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ጠጋ አላቸው።

«ጋሼ፣ አይሳቀቁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለማንም አልተናገርኩም።»